ዶሮዎች የጠገቡበት ጾም

አይናዲስ መንጋጋዋን በጠቆረ ነጠላ ጠምጥማ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ ያየ መንገደኛ፣ ሐዘን ይሁን የጥርስ ሕመም መለየት ያቅተው ነበር። ሁለቱም ነበር። ባሏ መድኃኔ የሞተው በመስከረም ነው፤ ጥርሷ የተነቀለው ደግሞ ሁዳዴ ሲገባ። ነጠላው ግን ከመስከረም ጀምሮ ከራሷ ላይ አልወረደም።

ነገሩ የመጣው ከዳቦ ነው። መድኃኔ በአራዳ ገበያ ኮርቻ እየሠራ ይተዳደር ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሥራውን ሲዘጋ ከግሪኩ ዳቦ ቤት አንድ ድቡልቡል ዳቦ ይዞ ይገባል። የሚስቱ ጥርስ ገና በልጅነቷ የተበላሸ ስለ ነበር ቅርፊቱን በወፍራም ጣቱ ልጦ ወደ ራሱ ይሰበስብና ነጩን፣ ለስላሳውን ለእሷ ያቀርባል።

«እኔ አጥሩን ልብላው፤ አንቺ ወደ ቤቱ ግቢ» ይላል።

ይህን ቀልድ ስንት ዓመት እንደ ተናገረው እሱም አያውቅ፣ እሷም አታውቅ። ሳቅ የሚያሰኝ ነገር እንዳልነበረው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን ካልተባለ ዳቦው አይቆረስም።

እሱ ከሞተ በኋላም አይናዲስ ቅዳሜ ሲደርስ ዳቦውን መግዛት አልተወችም። ውስጡን ትበላለች፤ ቅርፊቱን ሰፌድ ላይ ታስቀምጣለች። ለለማኝ መስጠቱ እጇ አልታዘዝ አላት፤ መጣሉም አልሆነላት። ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተከመረ፤ ሻገተ። አንድ ቅዳሜ ሰፌዱን ስታየው ቆየችና የዚያን ዕለቱን ቅርፊት አንሥታ ራሷ አኘከችው። የኋላ ጥርሷ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ለማንም አልተናገረችም። ቅርንፉድ ነከሰች፣ በጨው ውኃ ተጉመጠመጠች፣ ጉንጯ እንደ ቡሆ ሲነፋ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች። ሐዘንተኛ ፊቷን ብትሸፍን ማን ይጠይቃታል? መግሉ ወደ አጥንቱ ከወረደ በኋላ ነው የባሏ ታላቅ እኅት ብርኽቲ ሌሊት ስታቃስት ሰምታ ነጠላውን የፈታችው።

ብርኽቲ ወንድሟ መታመሙን ሰምታ ከትግራይ ድረስ በበቅሎ የመጣች፣ ከቀብሩ በኋላም ሚስቱን ብቻዋን ጥላ መሄድ ያልሆነላት ሴት ናት። ቁመቷ ረጅም፣ ቃሏ አጭር። እጇን ይዛ እየጎተተች፣ ሰው ሁሉ እንደ ፈረንጅ «ሙሴ» ወደሚለው ወደ አርመኑ የጥርስ ሐኪም ወሰደቻት።

ሐኪሙ ሁለት ጥርስ ነቀለ፣ ድዷን ቀዶ የበሰበሰ የመንጋጋ አጥንት ስባሪ አወጣ፣ በሐር ክር ሰፋው። አማርኛውን የተማረው ከበቅሎ ነጂዎች ስለ ነበር ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያናግራል።

«ጎበዝ ነህ! አልጮህክም!» አላት። እጁን ሳህን ውስጥ እየታጠበ ቀጠለ፤ «አሁን ወተት። እንቁላል። የዶሮ መረቅ። ጠንካራ ነገር የለም፣ በርበሬ የለም፣ ትኩስ የለም። ካልበላህ ቁስሉ አይገጥምም። ሰውነትህ ሄዷል፤ አጥንት ብቻ ነህ።»

«ሙሴ፣ ሁዳዴ እኮ ነው!» አለች ብርኽቲ።

«እኔም ክርስቲያን ነኝ እመቤቴ። እግዜር ጥርስ የሌለውን ሰው አይቆጣም።»

ብርኽቲ መልሱ አልጣማትም። ነገሩ ወደ አይናዲስ ነፍስ አባት ወደ አባ ገብረክርስቶስ ቀረበ። እሳቸውም የአይናዲስን ያበጠ ፊት አዩና መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አኑረው፣ «በሽተኛ ጾም የለበትም። ወተቱን ጠጪ። ስትድኚ ስግደት እሰጥሻለሁ» አሏት።

እንግዲህ በሩ ከሁለት ወገን ተከፍቶላት ነበር። እሷ ግን አልገባችም።

መጀመሪያ ሕመሙ ነበር። ምራቋን መዋጥ እንኳ እሳት ነው። ሕመሙ ጋብ ሲል ግን ረኃቡ አልተመለሰም። ሆዷ ዝም አለ። ከመስከረም ጀምሮ ያላገኘችውን ዝምታ አገኘች፤ ሌሊቱ አጠረላት፤ ሰውነቷ ሲቀል ሐሳቧም አብሮ የቀለለ መሰላት። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምታደርገውን ነገር በስሙ ጠራችው። ገመድ አይደለም፤ ወንዝ አይደለም፤ እነዚያ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ የሚያስወጡ፣ ከመድኃኔ ጎን የሚያስነሡ ኃጢአቶች ናቸው። ይህ ግን ወደ አፍ ያልደረሰ አንድ ዋንጫ ብቻ ነው። ጥርሷን ታማ ሞተች ይባላል። ማንም አይጠረጥርም፤ ከጎኑም ትቀበራለች።

ሰው ሁሉ በየፊናው የሚሰማው ነገር ነበረው። ሐኪሙ ቁስሉን ሊያይ ሲመጣ ወተት እየጠጣሁ ነው ትለዋለች። ለአባ ገብረክርስቶስ፣ ወተቱ ስላልተስማማኝ አጥሚት ይዣለሁ ትላለች። ለብርኽቲ ደግሞ ወተት አልነካም፣ ጾሜን አላፈርስም፣ ያንቺ አጥሚት ይበቃኛል አለቻት፤ ከሦስቱ ውሸቶች በጣም የቀለለው ይህኛው ነበር፤ ምክንያቱም ብርኽቲን ደስ አሰኛት።

ብርኽቲ ሱፍ ወቅጣ፣ አጥልላ፣ በሱፉ ውኃ የአጃ ዱቄት እየበጠበጠች ያለ ቅቤ ያለ ወተት የጾም አጥሚት ትሠራላታለች። ዋንጫውን እራስጌዋ አኑራ ወደ ጊዮርጊስ ትሄዳለች። እዚያም ከሴቶቹ መካከል ቆማ፣ «የወንድሜ ሚስት፣ አፏ በካራ ተቀዶ፣ ሐኪሙም ቄሱም ጠጪ ብለዋት ወተት አልነካችም!» ትላለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አንዳንዶቹ እስከ ቤት ድረስ መጥተው የአይናዲስን ትከሻ ስመው ይሄዳሉ። ብርኽቲ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ቀና ብላ የምትሄደው ያኔ ብቻ ነበር።

ቤቱ ባዶ ሲሆን አይናዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ትነሣለች። ዋንጫውን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ከጌሾው ሥር ታፈሰዋለች፣ ዋንጫውን አለቅልቃ እራስጌዋ ትመልሳለች።

እውነቱን የሚያውቁት የዙህራ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ።

ዙህራ ከአጥሩ ማዶ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ዳገት ላይ ከባሏ ከአብዱልሃኪም ጋር የምትኖር የወሎ ሴት ናት። የዚያን ዓመት ረመዳን ሁዳዴ መካከል ገብቶ ነበርና ከአጥሚቱ በቀር በሁለቱም ግቢ ቀን ቀን እሳት አይነድም። መድኃኔ የሞተ ጊዜ ዙህራ እዝን ያመጣችው ከራሷ ድስት አልነበረም፤ ለቀስተኛው የእስላም ድስት ነው ብሎ እጁን እንዳይሰበስብ ድስት ከብርኽቲ ተበድራ፣ ክክ ወጥ ሠርታ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ በአይናዲስ አፍ ያኖረች እሷ ነበረች። ዶሮዎቿ ደግሞ አጥር አያውቁም።

ቅዳሜ ነው። ጀንበር ወደ እንጦጦ ጀርባ ስታዘነብል ብርኽቲ ከሠርክ ጸሎት አልተመለሰችም። አይናዲስ ዋንጫውን ደፍታ ወደ አልጋዋ ገና መመለሷ ነው።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዙህራ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። በአንድ እጇ በጣሳ ወተት፣ በሌላው ትንሽ የውኃ ዋንጫ ይዛለች። የሻርፗ ጫፍ ተቋጥሯል።

«ግቢ ዙህራ።» አይናዲስ ከንፈሯን ብዙም ሳትከፍት ነው የምትናገረው።

«ዶሮዎቼን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ከጓሮ ይሆናሉ።»

«ከጓሮ እንደ ሆኑማ አውቃለሁ። እኔ የማላውቀው ለምን እንደ ወፈሩ ነው።» ዙህራ ዱካ ስባ ከአልጋው ትይዩ ተቀመጠች። «ወላሂ ረመዳን ነው ብዬ እነሱንም አስጹሜያቸዋለሁ፤ ጥሬ ከሰጠኋቸው ቆየ። እነሱ ግን ማታ ማታ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይገባሉ። በሁዳዴ የክርስቲያን ግቢ ለዶሮ ጀነት ነው፣ የሚያርድ የለም አልኩ። ዛሬ አንዷን ይዤ አየኋት። ኩምቢዋ ላይ አጥሚት ደርቋል።»

«ኩምቢ ለዝሆን ነው» አለች አይናዲስ። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ዝሆን አክላለች እያልኩሽ እኮ ነው!»

አይናዲስ አልሳቀችም። ዙህራም አልሳቀችም። የውጪው ብርሃን ቀይ ሆኖ ከመሬቱ ወደ ግድግዳው ወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቁስሉ ስለሚያመኝ ነው።»

«ቁስሉን አልጠየቅኩሽም፣ እኅቴ።»

ዙህራ የሻርፗን ጫፍ ፈታች፤ አንዲት ተምር አወጣችና በመዳፏ ያዘች። የውኃውን ዋንጫ ከእግሯ ሥር አኖረች። ወተቱን ግን በአይናዲስ አጠገብ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«አብሽር አልልሽም። ሐዘንሽን ተዪም አልልሽም፤ እኔም ሁለት ልጆች ከዚህ ዳገት ሥር ቀብሬያለሁ። ግን አንቺ ሳትውጪ እኔ አላፈጥርም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የሰማሽው ነው። አንቺ ረኃብሽን ችለሽዋል። የኔን ትችይ እንደ ሆነ እናያለን።»

አይናዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህ ቁጣ ነው፤ ያልፋል አለች በልቧ። አዛን ሲባል ዙህራ ትነሣለች፤ ቤቷ ባል አላት፣ ሾርባ አላት።

ከበታች፣ ከገበያው ማዶ፣ ሰው የሚጠራ የሚመስል ቀጭን ድምፅ በባሕር ዛፉ መካከል መጣ። ዙህራ ተንቀሳቀሰች፤ ከንፈሯ አንዳች ነገር አለ፤ ተምሯ ግን ከመዳፏ አልተነሣችም። ቀይዋ ብርሃን ከግድግዳው ላይ ጠፋች።

«ዙህራ!» አብዱልሃኪም ነበር፣ ከአጥሩ ማዶ። «አዛን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ!»

«ታዲያ?»

«መጣሁ!»

«ሂጂ እንጂ» አለች አይናዲስ።

«አልሄድም።»

«በናንተስ ማዘግየቱ ነውር አይደለም?»

«ነው። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጾም የለም። ውኃ አጠገቤ እያለ መቆየቴ ጥፋት ነው፤ አውቄ ነው የማጠፋው።» የዙህራ ድምፅ ደርቆ ነበር። «በማን ላይ እንደሚቆጠር አንቺ አስቢበት።»

ጊዜው ሄደ። አይናዲስ በዚያ ጨለማ ባሏን ልታስብ ሞከረች። ሌላ ቀን ሆዷ ሲቀል ፊቱ ይቀርባት ነበር፤ ዛሬ ግን የምትሰማው የዙህራን እስትንፋስ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ከንጋት ጀምሮ ስትፈጭ፣ ስትቀዳ፣ ልብስ ስታጥብ እንደ ዋለች ታውቃለች፤ በአጥሩ በኩል ሰምታታለች። አሁን ተምሯን የያዘችው እጅ ትንቀጠቀጣለች። የኔ ሞት ማንንም አይነካም ብላ ስታሰላ ይህችን እጅ አልቆጠረቻትም ነበር። ተናደደች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣባት ንዴት ስለ ሆነ ጉልበቱ አስደነገጣት።

«ዙህራ!» አለ አብዱልሃኪም እንደ ገና፤ አሁን ድምፁ ተቆጥቷል። «ሴትዮ፣ ዛሬ እዚያ ልታድሪ ነው?»

ዙህራ አልመለሰችለትም። በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና ብርኽቲ ገባች። ኩራዙን ለኮሰች። ቅዳሜ ስለ ነበር በነጠላዋ ሥር የግሪኩን ዳቦ ይዛለች፤ ለምን እንደሚገዛ ባታውቅም ወንድሟ ያስለመደው መሆኑን ሰምታ አይናዲስ ከተኛች ወዲህ አቋርጣው አታውቅም። መጀመሪያ ዙህራን፣ ቀጥሎ ተምሯን፣ በመጨረሻ ወተቱን አየች።

«እዋይ! ምንድን ነው ይኼ? ዙህራ፣ እስካሁን አላፈጠርሽም? ይኼስ ወተት?»

ዙህራ አንገቷን ደፋች። «እሷ ትንገርሽ።»

አይናዲስ ግድግዳውን ትታ ዞረች። ከሦስቱ ውሸቶች አንዱን ብቻ አፍርሶ ሌሎቹን ማቆየት ይቻል እንደ ሆነ ጥቂት አሰበች፤ የሚቻል አልሆነም።

«አጥሚቱን አልጠጣሁትም፣ እትዬ።»

ብርኽቲ ወተቱን ተመለከተች። ፊቷ ላይ የወጣው ፍርሃት ነበር፤ የምትፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። «ወተት ስትጠጪ ነው የከረምሽው?»

«ወተትም አልጠጣሁም። ምንም።»

«ምንም?»

«ለዶሮዎቹ ስሰጥ ነበር።»

ብርኽቲ ዳቦውን እንደ ታቀፈች መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ባዶውን ዋንጫ አንሥታ ወደ ውስጡ አየች፤ መልሳ አኖረችው።

«ለሰው ሁሉ ነገርኩ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ጻድቅ ናት ብዬ። ጊዮርጊስ ደጅ ቆሜ። አንቺ እየሞትሽ ነው፣ እኔ እመካብሻለሁ። በገዛ አፌ ስቀብርሽ ከረምኩ ማለት ነው።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ዝም በይ!» ብርኽቲ ያን ያህል ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም። «ወንድሜን አፈር አለበስኩ። አገሬን ትቼ ካንቺ ጋር ቁጭ አልኩ። አንቺ ደግሞ ሳትሰናበቺኝ ልትሄጂ ነበር። ቤቱን ለማን ነው የምትተዪልኝ? ለዶሮ?»

ይህን ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያዘች። መድኃኔ ሲሞት ወግ በሚያዝዘው ሁሉ አልቅሳ ነበር፣ ደረቷን መትታ፣ ሙሾ አውጥታ። አሁን ድምፅ አልነበረውም። አይናዲስ ይህን ማየት ከበዳት፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሞተባት እሷ ብቻ የሆነች ይመስላት እንደ ነበር ገባት።

ብርኽቲ ተነሣች። ወተቱን በትንሽ ድስት ገልብጣ ምድጃው ዳር ጣደችው፤ እንዳይግል በጣቷ እየነካች ጠበቀች። ወጥሮ የያዛትን ነገር በሥራ ነው የምታወርደው።

«አባ ፈቅደው ነበር» አለች ጀርባዋን እንደ ሰጠች። «እኔ ነኝ ያልፈቀድኩት። ወተቱ ይኸው። ሱፍም አለ፣ አጃም አለ፣ አጥሚቱን እንደ ገና እበጠብጥልሻለሁ። የቱን ትፈልጊያለሽ?»

ጥርሷ ከተነቀለ ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሐኪሙ አዟል፣ ቄሱ ፈቅደዋል፣ ብርኽቲ ወስናለች፤ እሷም በድብቅ በራሷ ላይ ፈርዳለች። ኩራዙ ይጨሳል። ዙህራ ተምሯን እንደ ያዘች ናት።

«ዳቦውን» አለች አይናዲስ። «የውስጡን። በወተት።»

ብርኽቲ ዳቦውን ሰጠቻት፤ ቅርፊቱን ልትልጥላት ፈልጋ ነበር፣ አይናዲስ ግን ራሷን ነቅንቃ ተቀበለቻት። ጣቶቿ ከስተው ስለ ነበር ቶሎ አልሆነላትም። በአንድ ጎን ጀምራ እያዞረች ላጠችው፤ ቅርፊቱን ሰፌዱ ላይ፣ ሁልጊዜ የሱ በነበረው በኩል አኖረችው። ሊናገረው የሚገባው ሰው ያልተናገረው የአጥሩና የቤቱ ቀልድ በመካከላቸው ቆመ። ማንም አልተናገረላትም። ከነጩ ቁራሽ ቆርሳ ወተቱ ውስጥ ነከረችና በደህናው ጎን አፏ ውስጥ ከተተችው።

የደም ጣዕም ነበረው። ስፌቱ ተሳበ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለብዙ ጊዜ አፏ ውስጥ ያዘችው፤ ብርኽቲ ቆማ፣ ዙህራ ጎንበስ ብላ ጉሮሮዋን ያያሉ። ዋጠችው።

«ቢስሚላህ» አለች ዙህራ፤ ተምሯን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ከዚያም ተነሥታ ጉልበቷን እያሸች፣ «ነገም እመጣለሁ» አለች። «ነገም እዚሁ ነው የማፈጥረው። ባሌ ቢፈታኝ አንቺ ታስታርቂያለሽ።»

«ዶሮዎችሽን ውሰጂ» አለች ብርኽቲ።

«እነሱማ ከንግዲህ አይመጡም። የሚበሉት ከሌለ ምን ያደርጋሉ?»

በማግስቱ ግን መጡ። አይናዲስ ሌሊቱን በደንብ አልተኛችም ነበር፤ ያ ዝምታ ከሆዷ ሄዶ በቦታው ረኃቡ ገብቷል፤ ከረኃቡም ጋር ሌላው ሁሉ ተመልሷል፤ የመድኃኔ ሳል፣ የኮርቻው ቆዳ ሽታ፣ የአልጋው የወዲያ ጎን። ጠዋት ብርኽቲ ያቀረበችላትን ወተትና ዳቦ እየተሳቀቀች በላች። ለዛሬ በላች። ስለ ነገ ለማንም ቃል አልሰጠችም፤ ዛሬ ማታ ዙህራ ተምሯን ይዛ እንደምትቀመጥ ግን ታውቃለች።

ከዚያ ሰፌዱን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ዶሮዎቹ ከጌሾው ሥር ባዶውን መሬት እየጫሩ ይጠብቃሉ። የትናንቱን ቅርፊት በውኃ አርሳ በተነችላቸው። እየተጋፉ ለቀሙት። አንዱን ስባሪ ሁለቱ ይዘው ሲጓተቱ አይታ፣ ሊያኝከው የሚችል ሌላ ሰው በቤቱ እንደሌለ አሰበች፤ ብርኽቲም ብትሆን አሮጊት ናት።

የመጨረሻዋ ስባሪ እስክታልቅ ቆመች። ከዚያ ሰፌዱን አራግፋ ወደ ቤት ገባች።